ቀይ ጉጦች ያሉትን የዲያኒ የባሕር ኮከብ መለየት፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥር መጀመሪያ፣ ዲያኒ

ከሞምባሳ በስተ ደቡብ በሚገኘው የዲያኒ ዳርቻ ባሕሩ ሲጎድል፣ ከነጩ አሸዋ አንሥቶ ማዕበሉ እስከሚሰበርበት የኮራል ግንብ ድረስ ያለው ሰፊ ሜዳ ከጉልበት በታች በሆነ ጥርት ያለ ውኃ ተሸፍኖ ይቀራል። በዚህ ውኃ ውስጥ፣ በባዶው አሸዋና በባሕር ሣሩ መካከል፣ ግራጫ ቀመስ ነጭ ገላ ያለው፣ በላዩም ደማቅ ቀይ ጉጦች የተደረደሩበት ባለ አምስት ክንድ እንስሳ ተኝቶ ይገኛል። ለዕረፍት ከአዲስ አበባ ወይም ከናይሮቢ የሚመጡ ወገኖቻችን ፎቶግራፉን እየላኩ ምንነቱን ስለሚጠይቁኝ፣ በአማርኛ የተጻፈ፣ ውኃ የማያበላሸውና በእጅ የሚያዝ አንድ የመለያ ገጽ ለማዘጋጀት ወስኛለሁ። ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ሥራው እየተሠራ ሳለ ነው።

ለሥራው ከጅምሩ አንድ ደንብ አውጥቻለሁ፤ እንስሳው ከውኃ ሳይወጣ ይለያል። የባሕር ኮከብ ደም የለውም፤ በሰውነቱ ውስጥ የሚዘዋወረው ከባሕር ውኃ ብዙም የማይለይ ፈሳሽ ነው፣ የሚተነፍሰውም በጀርባው ቆዳ ላይ ባሉ ስስና ለስላሳ ቅጥያዎችና በሆዱ በኩል በተደረደሩት የቱቦ እግሮቹ አማካይነት ነው። ለፎቶግራፍ ተብሎ በፀሐይ ላይ ሲያዝ እነዚህ ሁሉ ሥራቸውን ያቆማሉ፤ መልሶ ወደ ውኃ የጣለው ሰው «በሰላም ሄደ» ብሎ ቢያስብም ጉዳቱ ወዲያው በዓይን የሚታይ አይደለም። ስለዚህ በመለያው ገጽ ላይ የሚሰፍረው ምልክት ሁሉ እንስሳው በተኛበት ሳለ፣ ከላይና ከጎን በማየት ብቻ የሚታወቅ መሆን ይኖርበታል። ይህ ደንብ የምልክቶቹን ምርጫ አጥብቦታል፤ በእኔ እምነት ደግሞ አሻሽሎታል።

የሙሉ ጨረቃ ሳምንት

በዚህ ዳርቻ ባሕሩ በጣም የሚሞላውና በጣም የሚጎድለው ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበትና አዲስ በምትወጣበት ሰሞን ሲሆን፣ ያን ጊዜ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 4 ሜትር ይጠጋል። የጉድለቱ መጨረሻ በእነዚህ ቀናት ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ላይ ስለሚውል፣ ብርሃኑ ለፎቶግራፍ የተመቸ ነው። አብረውኝ የሚሠሩት፣ ዕድሜያቸውን በዚህ ባሕር ላይ በጀልባ ያሳለፉት አዛውንት ሰዓቱን የሚቆጥሩት እንደኛው ከንጋት ጀምረው በመሆኑ፣ «ነገ በ4 ሰዓት» ሲሉኝ መተርጎም አያስፈልገኝም። እርሳቸውን እንደ አገሩ ልማድ ምዜ እያልኩ ነው የምጠራቸው።

ከኅዳር እስከ መጋቢት የሚነፍሰው ካስካዚ የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ውኃውን ያረጋጋዋል፤ ከሚያዝያ ወዲያ የሚመጣው ኩሲ ደግሞ አሸዋውን ስለሚያውክ በውኃው ውስጥ አጥርቶ ማየት ያስቸግራል። ስለዚህ የመስኩ ሥራ ከመጋቢት ማለቅ በፊት መጠናቀቅ አለበት።

የያዝኩት መሣሪያ ቀላል ነው። ውኃ የማያስገባ ትንሽ ካሜራ፣ የመዋኛ መነጽር፣ ባለ 30 ሳንቲ ሜትር ነጭ የፕላስቲክ ማስመሪያ፣ በውኃ ውስጥ በእርሳስ የሚጻፍበት ሻካራ ነጭ ፕላስቲክና ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ናቸው። ጫማው ቅንጦት አይደለም፤ በሣሩና በኮራሉ መካከል ረጃጅም ጥቁር እሾህ ያላቸው የባሕር ጃርቶች ስላሉ በባዶ እግር መሄድ አይመከርም።

እዚያው ሳምንት፣ አንዱን በቅርብ ማየት

ዛሬ የተገኘው ከባዶው አሸዋ ጥግ፣ ሣሩ በሚጀምርበት ቦታ ላይ ነበር። ከመኻሉ እስከ ክንዱ ጫፍ 12 ሳንቲ ሜትር፣ ከመኻሉ እስከ ሁለት ክንዶች መገናኛ ማዕዘን ደግሞ ከ4 ሳንቲ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነው። የባሕር ኮከብ አጥኚዎች ከዳር እስከ ዳር ከሚለካው ይልቅ እነዚህን ሁለት ልኮች ይመርጣሉ፤ ክንዱ ከአካሉ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሚረዝም የሚነግሩት እነርሱ ናቸውና። ይህ ዝርያ ከክንድ ጫፍ እስከ ክንድ ጫፍ ሲለካ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል።

ማስመሪያውን አሸዋው ላይ አጠገቡ አስቀምጬ፣ ፊቴን ውኃ ውስጥ ነክሬ ቀስ ብዬ ተመለከትኩት። በእያንዳንዱ ክንድ ጀርባ ላይ እንደ ተራራ ሸንተረር ከፍ ያለ መስመር አለ፤ ቀያዮቹ ጉጦች በዚህ ሸንተረር ላይ አንድ በአንድ ተሰልፈዋል። በመኻሉ አካል ላይ ከሌሎቹ ሁሉ የሚተልቁ አምስት ጉጦች በየክንዱ ሥር አንዳንድ ሆነው ቆመዋል። ከጉጥ ወደ ጉጥ ቀጭን ቀይ መስመር ይሄዳል፤ መስመሮቹም ተገናኝተው በነጩ ገላ ላይ መረብ ይሠራሉ። በሁለት ክንዶች መካከል፣ ከመኻሉ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ጉጥ ያልሆነች ጠፍጣፋና ሐመር ነጥብ አለች፤ የባሕሩ ውኃ ወደ ውስጠኛው የቱቦ ሥርዓት የሚገናኝባት በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላች ሳህን ናት።

ከዚያ ካሜራውን አሸዋው ላይ አስተኝቼ ከጎን አነሣሁት። ዋናው ምልክት የተገኘው እዚህ ነው። ከክንዱ አጋማሽ ወዲያ፣ ወደ ጫፉ በኩል፣ ከጠርዙ ወደ ጎን የሚወጡ ጥቂት ጠንካራ እሾሆች አሉ፤ ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው የክንዱ ዳር የጥርስ ቅርጽ ያለው ሆኖ ይታያል። ሁለት ክንዶች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ግን ጠርዙ ባዶ ነው።

እንስሳው በዝግታ መንቀሳቀስ ሲጀምር የፊተኛውን ክንድ ጫፍ ወደ ላይ ቀና አደረገ፤ ያን ጊዜ ከሥሩ የቱቦ እግሮቹ ወደ ፊት ተዘርግተው ታዩ። ከጫፉ ላይ ብርሃንና ጥላን የሚለየው ቀይ የዓይን ነጥብ ይገኛል። አምስት ክንድ ስላለው አምስት ዓይን አለው ማለት ነው። ሆዱን ለማየት መገልበጥ እንደማያስፈልግ ይህ አንድ ማሳያ ነው፤ የታገሠ ሰው ራሱ እንስሳው ያሳየዋል።

እነዚህ ሁሉ ተደምረው የሚያመለክቱት ፕሮቶሪያስተር ሊንኪ የተባለውን ዝርያ ነው። ከምሥራቅ አፍሪካ ጀምሮ በሕንድ ውቅያኖስ ጥልቀት በሌላቸው አሸዋማና ሣር ለበስ ቦታዎች ይኖራል፤ ስፖንጅና በአሸዋው ላይ የሚገኘውን ሌላ ጥቃቅን ምግብ ይበላል።

ጥር መጨረሻ፣ ስለ ቀለም

ፎቶግራፎቹን በኮምፒውተር አሰልፌ ሳያቸው፣ ቀለም ብቻውን መለያ እንደማይሆን ግልጽ ሆኖልኛል። ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ቀዩ ነው፤ የመለያው ገጽ ግን በቀዩ ላይ ሊቆም አይችልም። በዚሁ ሜዳ ላይ ጉጣቸው ደም የመሰለ፣ ብርቱካናማ የሆነና ወደ ቡናማ ያዘነበለ ኮከቦች ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ የገላቸው መደብም ከነጭ እስከ ጥቁር ግራጫ ይለያያል። ለዚህ ምክንያት አለው። የባሕር ኮከቦች ቀይና ብርቱካናማ ቀለም በአብዛኛው የሚመጣው ካሮቴኖይድ ከሚባሉት ንጥረ ነገሮች ነው፤ እንስሳው ደግሞ እነዚህን ከምግቡ ያገኛቸዋል እንጂ ከምንም ተነሥቶ አይፈጥራቸውም።

ሁለተኛው ምክንያት ውኃው ነው። ውኃ ከብርሃን ውስጥ አስቀድሞ የሚውጠው ቀዩን ስለሆነ፣ በጉልበት ልክ ውኃ ውስጥ ደማቅ ቀይ የነበረው ጉጥ ጥቂት ሜትሮች ወረድ ሲል ደብዛዛ ቡናማ ሆኖ ይነሣል። ከጀልባ ላይ ጠልቀው ያነሡ ሰዎች የሚልኩልኝ ፎቶግራፍና እዚህ ዳር ላይ የሚነሣው ፎቶግራፍ አንድ ዝርያ አይመስሉም።

ሦስተኛው በገበያ የሚታየው ነው። ደርቀው ለጌጥ የሚሸጡት ኮከቦች ቀለማቸው ጠፍቶ እንደ ገለባ ይነጣሉ፤ ጉጡና የጎኑ እሾህ ግን እንዳለ ይቀራል። እንዲህ ዓይነቱን ጌጥ መግዛት ከሜዳው ላይ መልቀሙን ስለሚያበረታታ እቃወማለሁ፤ ነገር ግን ቅርጹ ከቀለሙ ይልቅ የሚታመን መሆኑን የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝም።

ውሳኔው ይህ ነው፦ በገጹ ላይ ቀለም ከመጨረሻዎቹ ምልክቶች አንዱ ይሆናል። መጀመሪያ የጉጦቹ ቦታ፣ ቀጥሎ የጎኑ እሾህ፣ ከዚያም የቀዩ መረብ ይመጣል።

የካቲት፣ አዲስ ጨረቃ፣ በሣሩ ውስጥ

ምዜ ዛሬ ከባዶው አሸዋ ይልቅ ወደ ኮራሉ ግንብ የሚጠጋውን ጥቅጥቅ ያለ የባሕር ሣር እንድናይ መከሩኝ። እዚያ የሚበቅለው ታላሶዴንድሮን የተባለው እንጨት መሰል ግንድ ያለው ሣር ነው። በሣሩ ሥር ያገኘነው ኮከብ ከሩቅ ሲታይ የለመድነው ይመስላል፤ በቅርብ ሲታይ ግን ሌላ ነው። ጉጦቹ በክንዱ ሸንተረር ላይ ብቻ አይደሉም፤ ከሸንተረሩ ወደ ጎን ባለው ቁልቁለት ላይም ተጨማሪ ጉጦች አሉ፣ ጠርዙን የያዙት ጉጦችም ክንዶቹ በሚገናኙበት ማዕዘን ሳይቋረጡ ዙሪያውን ይሄዳሉ። ከጉጥ ወደ ጉጥ የሚሄድ ጥርት ያለ ቀይ መረብ የለውም። ይህ ፔንታሴራስተር ማሚላተስ ነው።

በዚህ ዳርቻ ሥራውን በእርግጥ የሚያከብደው ይህ ዝርያ ነው። ቀለሙ እጅግ ተለዋዋጭ ሲሆን፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ ግራጫ፣ አልፎ አልፎም ቀይ ጉጥ ያለው ይገኛል፤ ቀይ ጉጥ ያለው ሲያጋጥም «ቀይ ጉጥ አየሁ፣ እንግዲህ ሊንኪ ነው» የሚል ሰው ሁሉ ይሳሳታል። ስለዚህ ሰው አንድ ነገር ብቻ እንዲይዝልኝ ብመርጥ የምመርጠው የሁለቱን ክንዶች መገናኛ ማዕዘን ነው። ማዕዘኑ ባዶ ሆኖ፣ እሾሁ በክንዱ የውጭ ግማሽ ላይ ብቻ ሲታይ ሊንኪ ነው። ማዕዘኑ ጭምር በጉጥ ሲታጠር አብዛኛውን ጊዜ ፔንታሴራስተር ነው። ማዕዘኑን ለማየት እንስሳውን መንካት አያስፈልግም፤ ጥላችንን ከላዩ አንሥተን ለአፍታ ቆም ማለት ይበቃል።

ፔንታሴራስተር ማሚላተስ በቀይ ባሕርም የሚኖር ዝርያ ነው። በጂቡቲ ወይም በምፅዋ በኩል የሚሄዱ አንባቢዎች ከሊንኪ ይልቅ እርሱን አስበው ቢመለከቱ መልካም ይሆናል፤ ለዚህም ሲባል በገጹ ጀርባ ላይ ሙሉ ሥዕሉ እንዲወጣ አድርጌአለሁ።

በዚያው ሰሞን ስለ ሌሎቹ

ኖዶሰስ የተባለው የሊንኪ የቅርብ ዘመድ በብዛት የሚታወቀው በምሥራቁ ወገን፣ በኢንዶኔዥያና በፊሊፒንስ ባሕር ነው። ጉጦቹ ጠቆር ያሉና በጀርባው ላይ ብቻ ያሉ ናቸው፤ የጎን እሾህ የለውም። በኢንተርኔት ላይ የሚዘዋወሩት የ«ባሕር ኮከብ» ፎቶግራፎች ብዙዎቹ የእርሱ ስለሆኑ፣ ሰው ከእነርሱ ጋር እያነጻጸረ ግራ እንዳይጋባ አጭር መስመር ጽፌለታለሁ።

ኩልሲታ ክንዱ ከአካሉ ጋር ተዋሕዶ የጠፋ፣ ድፎ ዳቦ የመሰለ ወፍራም ኮከብ ነው፤ ከሊንኪ ጋር የሚያምታታ አይደለምና አላቆየኝም።

አስትሮፔክተን ግን ጥቂት ቃል ይገባዋል፤ እውነተኛው የአሸዋ ነዋሪ እርሱ ነውና። ቀኑን በአሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ስለሚውል የሚታወቀው ብዙ ጊዜ በአሸዋው ላይ በሚተወው የኮከብ ቅርጽ ነው። አካሉ ጠፍጣፋ ነው፤ ዳር ዳሩን ትልልቅ ሰሌዳዎችና ማበጠሪያ የመሰሉ እሾሆች ከብበውታል። የቱቦ እግሮቹ ጫፍ ሹል ሲሆን፣ መምጠጫ ስለሌለው ከድንጋይ ላይ መጣበቅ አይችልም፤ ለመቆፈር ግን ተስማሚ ነው። አበላሉም ይለያል። ሊንኪና ዘመዶቹ ጨጓራቸውን በአፋቸው አውጥተው በምግቡ ላይ ሲዘረጉ፣ አስትሮፔክተን ትንንሽ ቀንድ አውጣዎችን ከነዛጎላቸው ይውጣል፤ መውጫ ቀዳዳ ስለሌለውም ባዶውን ዛጎል መልሶ በአፉ ይተፋዋል።

በአሸዋው ላይ ባይሆንም በኮራሉ ላይ የሚገኘው አካንታስተር፣ የእሾህ አክሊል የሚባለው፣ በገጹ ላይ በቀይ ክፈፍ ይቀመጣል። ክንዶቹ ብዙውን ጊዜ ከ10 በላይ ናቸው፤ እሾሁም መርዝ አለው። ሰው ሊፈራው የሚገባው ኮከብ ይህ ብቻ ስለሆነ፣ ከሊንኪ ጋር ጎን ለጎን መታየቱ ለሊንኪም ከለላ ይሆናል።

የካቲት አጋማሽ፣ ስለ ስሞቹ

የሳይንሱን ስም በገጹ ላይ ስጽፍ ከየት እንደመጣ ማወቅ አስፈልጎኛል፤ ምክንያቱም ስሙን የሰጡት ሰዎች የሠሩበት መንገድ የእኔን የምልክት ምርጫ ይደግፋል። ሊንኪ የሚለው ስም የሚያስታውሰው በላይፕዚግ መድኃኒት ቤት የነበረውን ዮሐን ሃይንሪኽ ሊንክን ነው። እርሱ ከየባሕሩ የተሰበሰቡ ኮከቦችን በቤቱ አከማችቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1733 ስለ ባሕር ኮከቦች ብቻ የተጻፈ ባለ ሥዕል የላቲን መጽሐፍ አሳተመ። የቤተሰቡ ስብስብ ዛሬም በጀርመን አገር በቫልደንቡርግ ሙዚየም ይገኛል። ለዝርያው ይፋዊ ስም የሰጠው ግን ፈረንሳዊው ብሌንቪል በ1830 ነው።

የፔንታሴራስተር ማሚላተስ ታሪክ ከናፖሊዮን የግብፅ ዘመቻ ጋር ይያያዛል። በዘመቻው የተካፈለው ሳቪኒ የሰበሰባቸውን እንስሳት እጅግ በረቀቀ ሁኔታ ካሳለ በኋላ ዓይኑ ታሞ ሥራውን መጨረስ ስላልቻለ፣ የሥዕሎቹን ማብራሪያ በ1826 የጻፈው ኦዱዋን ነበር። ሊንክ በአውሮፓ መካከል ተቀምጦ የሚያየው የደረቀና ቀለሙ የለቀቀ ናሙና ነበር፤ የሳቪኒም ሥዕሎች ጥንካሬያቸው በቅርጹ ዝርዝር ላይ ነው። ዝርያዎቹ የተለዩት በጉጥ፣ በሰሌዳና በእሾህ አቀማመጥ ነው፤ እኛ በሕይወት ያለውን ከነሙሉ ቀለሙ የማየት ዕድል ቢኖረንም፣ ዝርያውን የምንለይበት ቁልፍ ከእነርሱ የወረስነው ነው።

የካቲት መጨረሻ፣ ሥዕሉና ሙከራው

ፎቶግራፍ በገጹ ላይ ማተም ትቼ በመስመር ሥዕል ተክቼዋለሁ። ፎቶግራፍ ቀለሙን አጉልቶ ቅርጹን ይደብቃል፤ በጥቁር መስመር የተሣለ ክንድ ግን የጎኑን እሾህ በአንድ ዕይታ ያሳያል። አንዱን ክንድ ከላይ፣ ሌላውን ከጎን፣ መገናኛውን ማዕዘን ደግሞ አጉልቼ ሣልኩ፤ ቀይ ቀለም ያገባሁት ለጉጡና ለመረቡ ብቻ ነው። ከዳር የ30 ሳንቲ ሜትር መለኪያ ታትሟል፤ እርሱን አሸዋው ላይ አስቀምጦ ፎቶግራፍ ያነሣ ሰው መጠኑን አብሮ ይልክልኛል። ወረቀቱ በወፍራም ላሚኔት ታሽጓል፤ ጨዋማው ውኃ በጠርዙ እንዳይገባ ላሚኔቱ ከወረቀቱ በሰፊው እንዲተርፍ ተደርጓል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሰጠሁት ከአዲስ አበባ ለመጣ አንድ ቤተሰብ ነው። አያትየው ከውኃው ዳር ቆመው «ልጄ፣ ይህ ነገር ይናደፋል እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። «የለም እማማ፣ ይህኛው አይናደፍም፤ ባለበት እንየው እንጂ ከውኃ አናውጣው» አልኳቸው። ልጆቹ ገጹን ይዘው ጎንበስ ብለው ማዕዘኑን ፈለጉ፤ ትንሿ ልጅ «ባዶ ነው!» ብላ ስትጮህ ማንም እጁን ወደ እንስሳው አልዘረጋም። ሰው የሚፈልገው ምልክት ሲሰጠው እጁ ያርፋል የሚለው ግምቴ በዚያች ረፋድ በተግባር ሲታይ እጅግ ደስ ብሎኛል።

ከሙከራው ሁለት ነገሮች ተቀይረዋል። «ሸንተረር» ያልኩትን አንባቢዎቹ ወዲያው ስላልተረዱት በሥዕሉ ላይ ቀስት ገብቶበታል። አራት ወይም ስድስት ክንድ ያለው ኮከብ ሲያጋጥማቸው አዲስ ዝርያ እንዳይመስላቸውም፣ የክንድ ቁጥር አልፎ አልፎ እንደሚዛነፍ፣ የተቆረጠ ክንድም ቀስ በቀስ እንደሚተካ የሚገልጽ መስመር ተጨምሯል።

መጋቢት፣ ከዝናቡ በፊት

የተሻሻለው ገጽ ታትሟል። ምዜ የተወሰነውን በጀልባቸው ላይ አስቀምጠዋል፤ አማርኛውን ባያነቡትም በሥዕሉ ብቻ እየጠቆሙ ለእንግዶቻቸው እንደሚያስረዱበት ነግረውኛል። በዚህ ምክንያት የሚቀጥለው እትም አንድ ገጽታው አማርኛ፣ ሌላው ስዋሂሊ ይሆናል። የፔንታሴራስተር ሥዕል ከሊንኪ ጎን ወደ ፊተኛው ገጽ ይዛወራል፤ ቦታ ለማግኘትም የኖዶሰስ መስመር ወደ ጀርባው ይሄዳል።

ኩሲ እስኪያልፍ የመስኩ ሥራ ይቆማል። ካስካዚ ሲመለስ በማሊንዲና በዋታሙ ለመሥራት አስቤአለሁ። ሁለቱ የባሕር ፓርኮች እ.ኤ.አ. በ1968 የተቋቋሙ፣ ከአፍሪካ ቀደምት ከሆኑት የባሕር ጥብቅ ቦታዎች መካከል ናቸው። ፈቃዱን ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት አስቀድሜ እጠይቃለሁ፤ እዚያም መጀመሪያ የማየው በሣሩ ውስጥ የሚኖሩትን ኮከቦች ማዕዘን ነው፤ ፔንታሴራስተር ለመሆኑ እርግጠኛ የሆንኩባቸው ፎቶግራፎች ከሊንኪዎቹ ያነሱ ስለሆኑ።